በቅሎዋ የቱ ገጽ ላይ ናት?

መጽሐፍ ከማንበብ መጽሐፍ መምከር ይቀላል። ይህን የምላችሁ ሁለቱንም ሞክሬ ነው፤ አንዱን ጥቂት፣ ሌላውን አብዝቼ። ለማንበብ መብራት ያስፈልጋል፣ ጊዜ ያስፈልጋል፣ የማይታመም ወገብ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ "ይህን ነገር አላውቅም" ብሎ ከራስ ጋር መስማማት ያስፈልጋል። ለመምከር ግን አንድ ጠያቂ ከተገኘና ጉሮሮ ከተጠረገ ይበቃል። "እሱንማ ሳታነብ እንዳትቀር" ትላላችሁ። ጠያቂው ራሱን ይነቀንቃል። እሱ ገዝቶ እስኪያነበው ድረስ እናንተ ያነበባችሁት ሆናችሁ ትቆያላችሁ፤ እንደማያነበው ደግሞ እናንተም እሱም ታውቃላችሁ። በዚህ ዓይነት ስንቱን መጽሐፍ እንደጨረስኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። ባታምኑኝም ልክ ናችሁ።

ሰሞኑን "ጎበዝ ኢንቨስተር ለመሆን ምን ላንብብ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። በእኛ አገር፣ በታች ጋይንት በአርብ ገበያ፣ ኢንቨስተር የሚለው ቃል የገባው ከደህና መንገድ ቀድሞ ነው። ድሮ ሀብታም ሰው ሀብታም ይባል ነበር። ጎተራው ይታያል፣ ከብቱ ሲነዳ አቧራው ይታያል፣ ነገሩ ምስክር አይሻም። ኢንቨስተርነት ግን ሀብቱ ሳይመጣ አስቀድሞ የሚለበስ ማዕረግ ሆኖ ተገኘ። ጫጩት ያስፈለፈለችው ኢንቨስተር ናት። በቆርቆሮ ክፍል ሠርቶ ያከራየው ኢንቨስተር ነው። ወንድሙ ከዐረብ አገር ብር እልካለሁ ብሎ የደወለለት ሰው፣ ስልኩን ከዘጋባት ሰዓት ጀምሮ ኢንቨስተር ነው። "እርስዎስ በምን ዘርፍ ነዎት?" መባባል ተጀመረ። ታዲያ ከእርሻ በቀር ማናቸውም ነገር ዘርፍ ነው። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ወደ ኋላ ታስፈልገናለች።

እኔ ራሴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁን ከገበያው አፋፍ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫና ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ሰዉ ዛሬም "መምህር" ነው የሚለኝ። ሱቄ ውስጥ አንድ የመጽሐፍ መደርደሪያ አለ፤ የማይሸጥ፣ የማይከራይ፣ ግን በየጠዋቱ የሚወለወል። ከመደርደሪያው ሌላ የምኮራበት ነገር ቢኖር ዳማዋ በቅሎዬ ናት። በእኛ አቀበትና ቁልቁለት፣ ሞተር ሳይክል ያለው ሁሉ ክረምት ሲገባ በምቀኝነት የሚያየው በቅሎ ያለውን ነው። ለሠርግም ለለቅሶም ለጥምቀትም በእሷ ላይ ሆኜ ብቅ ስል ሰው ከመቀመጫው ብድግ ይልልኛል። መጻሕፍቱ ከመደርደሪያቸው ሳይወርዱ፣ እኔም ከበቅሎዬ ሳልወርድ፣ ተከብረን ኖርን።

ያ መጽሐፍ የመጣው ባሕር ዳር ከምትኖር የአክስቴ ልጅ ነው። ወፍራም ነው፤ ከባዕድ ቋንቋ የተተረጎመ። ሽፋኑ ላይ ሱፍ የለበሰ ፈረንጅ እጁን አጣጥፎ ቆሟል፤ ፊቱ እርሻውን አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ያስገባ ሰው ፊት ነው። መግቢያውን አነበብኩ። ማውጫውን አነበብኩ። ከመጀመሪያው ምዕራፍም ትንሽ ቀመስኩ። የወለድ ወለድ የሚባል ነገር ላይ እንደደረስኩ አንድ ደንበኛ ገባና ዘጋሁት። ደንበኛው ስክሪፕቶውን ገዝቶ ሄደ፤ እኔ ግን ወደ ገጹ አልተመለስኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመክረው እሱን መጽሐፍ ሆነ።

ከጠያቂው ብዛት የተነሣ ማኅበር ተቋቋመ። ሐሳቡን ያመጡት መሪጌታ ይትባረክ ናቸው። መሪጌታ በቤተ ልሔም ገዳም ድጓ ተምረው ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ ዛሬ ከማስተማሩ ጎን ለጎን የማር ዘርፍ ውስጥ ገብተው ቀፎ ያሰቅላሉ። "መጽሐፉ አንድ ነው፤ እኛ ብዙ ነን። ስለዚህ እንደ ጽዋ ይዙር" አሉ። የጽዋ ማኅበርን ወግ ታውቁታላችሁ። ተረኛው ጠላውን ጠምቆ፣ ዳቦውን ደፍቶ ማኅበርተኛውን ያስተናግዳል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጥና ወሩን በዚያኛው ቤት ይከርማል። በጽዋው ፋንታ መጽሐፉ ይዙር፣ ተረኛው በወሩ ውስጥ ያንብበው፣ ስንሰበሰብ ያነበበውን ይንገረን ተባለ። እኔ ባለ መጽሐፉ ስለሆንኩ ሙሴ ተደረግሁ፤ የማኅበር አለቃ ሙሴ ነውና። ባሕር አላስከፈለኝም እንጂ ሹመቱ ደስ ብሎኝ ነበር።

እንግዲህ እንደ ጽዋ ይዙር ተባለ፤ እንደ ጽዋም ዞረ። ጥፋቱ ይኸው ነው። የመጀመሪያዋ ተረኛ፣ ሻይ ቤት ያላት ሴት፣ መጽሐፉን በንጹሕ ነጠላ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ልጆቿ ሊገልጡት ሲሉ ተቆጣች። ወሩ ሲሞላ ተሰበሰብን፤ ጠላው የሚመሰገን ነበር። ምን እንዳነበበች ስትጠየቅ፣ እሷ ለንባብ የምትበቃ እንዳልሆነች፣ ነገር ግን መጽሐፉ ቤቷ ከገባ ጀምሮ ሥራዋ እንደቀናላት ተናገረች። በእርግጥም ወሩ የሠርግ ወር ስለነበር ሻይዋ ተሽጦላት ነበር። ሁለተኛው ተረኛ፣ እንዳይረጥብበት ብሎ በነጠላው ላይ ላስቲክ ጨመረ። ሦስተኛው በላስቲኩ ላይ ጥለት ያለው ጨርቅ ደረበ። መጽሐፉ በየቤቱ አንድ አንድ ልብስ እየተጨመረለት ወፈረ። አንባቢ ሳያገኝ የክረምት ልብሱ ሞላለት።

አንድ ቀን በጨዋታ መሀል ለመሪጌታ፣ ማንም አላነበበውም እኮ አልኳቸው። እሳቸው ምንም አልደነቃቸውም። ያነበበም የሰማም እኩል ይባረካል፤ መምህር አንብበውታል፣ እኛ ደግሞ ከመምህር እየሰማን ነው አሉ። ቤቱ ሙሉ ሰው ወደ እኔ ዞረ። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም፤ ጠላዬን ጠጣሁ። "አወቅሽ አወቅሽ ሲሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች" ሲባል እስቅ የነበረው በሴቲቱ ነው። እሷ እንኳ መጽሐፉን ገልጣዋለች።

ቀጥሎ ተራው የአያ ደምሴ ሆነ። አያ ደምሴ ገበሬ ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም። ጆሯቸው ግን የሰማውን አይጥልም። ስብከት ከሰሙ ከወር በኋላ ቃል በቃል ይነግሯችኋል። በማኅበሩ ውስጥ መጽሐፉን ከልባቸው ያመኑት እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም፤ የቀረነው ሰዎች ማንበብ ስለምንችል እምነት አላስፈለገንም። ሱቄ ድረስ መጡና እንደ ሌላው ጠቅልለው ማስቀመጥ እንደማይፈልጉ፣ ቤታቸው ሄጄ እንዳነብላቸውና እንድተረጉምላቸው ለመኑኝ። እንዴት እምቢ ይባላል?

ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ በአንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ይዘውኝ ሄዱ። የመጽሐፉን ልብስ ሁሉ ፈታን። ገለጥኩት። የተገለጠልኝ ገጽ በሠንጠረዥና በመቶኛ የተሞላ ነበር። አያ ደምሴና ባለቤታቸው ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ወንጌል እንደሚሰማ ሰው ዝም ብለው ይጠብቁኛል። ያልገባኝን እንዴት ልተርጉም? መጽሐፉን ዘጋሁና ፍሬ ነገሩን ልንገራችሁ አልኩ። ከዚያ በኋላ ምላሴ እንደ ልቧ ሆነች። ኢንቨስተር ትዕግሥት ይፈልጋል አልኩ። እውነተኛ ሀብት የሚያበላህ እንጂ የሚበላህ አይደለም አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ፣ ስናገረው ግን ለራሴም ጣፈጠኝ። አያ ደምሴ ቃሉን ሲያላምጡት ቆዩና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

"በሬሳ ከየትኛው ነው? ዓመቱን ሙሉ ይበላል፤ የሚያርሰው ጥቂት ወር ነው።"

ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ዕድሜውን በሙሉ ከበሬ ኋላ ኖሯል። እኔ የአገሮችን ዋና ከተማ ነው የማውቀው።

"መጽሐፉ እንደሚለው ከሆነ፣ በሬ ከሚበላው ወገን ነው" አልኳቸው።

"መጽሐፉ እንደሚለው" ያልኳት ነገር ዛሬም ትዝ ስትለኝ አንገቴን ታስደፋኛለች። ከእርሻ በቀር ሁሉም ዘርፍ በሆነበት አገር ይህን ለገበሬ መንገር፣ ሊሄድ ለተነሣ ሰው በር መክፈት ነው። አያ ደምሴም እንደ ሌላው ሰው "በምን ዘርፍ ነዎት?" ተብለው መጠየቅ አምሯቸው ነበር። በሚቀጥለው አርብ በሬያቸውን ገበያ አወጡት። ለሥጋ የሚገዙ ነጋዴዎች አገኙትና ፀሐይ ሳትጠልቅ መኪና ላይ ወጣ። ብሩን ወገዳ ከሚኖረው የእኅታቸው ልጅ ጋር ለባጃጅ መግዣ አዋጡት። ባጃጅ ሣር አይበላም፤ እስከዚህ ድረስ ትርጓሜዬን ተከትለዋል። የወገዳን መንገድ የምታውቁ ደግሞ የቀረውን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ። ጥቂት ከሠራ በኋላ ድንጋይ ላይ ወጥቶ ሆዱን ተመታ፤ አሁን በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል። አይበላም፤ አያበላምም።

እዚህ ላይ እትዬ የሽመቤትን ላስተዋውቃችሁ። ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ በሬ ያላቸው ሴት ናቸው። አንድ በሬ ብቻውን ሥጋ ነው፤ እርሻ የሚሆነው ጓደኛ ሲያገኝ ነው። ስለዚህ እሳቸውና አያ ደምሴ መቀናጆ ነበሩ። የእሳቸው አንድ በሬ ከአያ ደምሴ አንድ በሬ ጋር ይጠመዳል፤ አያ ደምሴ በጥንዱ የራሳቸውንም የእትዬ የሽመቤትንም መሬት ያርሳሉ። ለዚህ ነገር ውል አይጻፍም፣ ማኅተም አይመታም፤ ዘር በመጣ ቁጥር እንዲሁ ይቀጥላል። አያ ደምሴ የሸጡት እንግዲህ አንድ በሬ ብቻ አልነበረም፤ የእትዬ የሽመቤትን እርሻ ግማሽ ጨምረው ነው መኪናው ላይ የጫኑት። "በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ" ይባላል። በዚህኛው ነገር ሣሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ፣ ገደሉ ውስጥ የገቡት እሳቸው ናቸው፣ በሬው ከደሙ ንጹሕ ነው።

በአንድ አርብ፣ እትዬ የሽመቤት ገበያ ውለው ሲመለሱ ሱቄ ገቡ። እናቴን የሚያውቁ ሰው ስለሆኑ "አንተ" ነው የሚሉኝ። ሊከሱኝ የመጡ መስሎኝ ወንበር ሳብኩላቸው፣ ውሃ አቀረብኩላቸው፣ ሳያስነጥሱ "ይማርዎ" ልል ምንም አልቀረኝም። እሳቸው ግን ክስ አልያዙም።

"መጽሐፍ ያለው ነገር ነው አሉኝ። መጽሐፍ ካለማ እኔ ምን እላለሁ" አሉ። "እንዲያው ለባለ አንድ በሬ የሚል ቦታ ይኖረው እንደሁ ብዬ ነው የመጣሁ። ሰኔ ደረሰ። መሬቴ ጦሙን ካደረ እኔም ጦሜን አድራለሁ።"

ቢቆጡኝ ኖሮ እከራከር ነበር፤ መከራከር እችላለሁ። መታመን ግን መድኃኒት የለውም። መጽሐፉ ያን ጊዜ በተራው መሪጌታ ቤት ነበር፤ እጄ ላይ ቢኖርም የምገልጥላቸው ገጽ አላውቅም። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። በሩ ላይ ግን ፎቶ ኮፒ የሚጠብቁ ሰዎች ቆመዋል፤ ከመካከላቸው የድሮ ተማሪዎቼ አሉበት። ሰው ብቻውን ሲያፍር ይችለዋል፤ ራቱን በልቶ ይተኛል። ሰው ፊት ማፈር ነው የሚያስፈራው። እኔም እውነቱን ከምሰጣቸው ሌላ ውድ ነገር ብሰጣቸው መረጥኩ።

"በቅሎዬን ያጥምዷት" አልኩ።

እትዬ የሽመቤት ትክ ብለው አዩኝ። "በቅሎ? በቅሎ ታርሳለች እንዴ? ይኸም መጽሐፉ ላይ አለ?"

ዝም አልኩ። ዝምታ በእኛ አገር እሺ ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አውቄ ነው ዝም ያልኩት። በዚያች ዝምታ ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። "በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ፣ በራሷ አሳጠረች" ያለው አገር ግን በቅሎን ብቻ አይቶ አይደለም።

የቸገረው ሰው በሬውን ከፈረስ ጋር ሲያጠምድ አይቻለሁ፤ ከአህያ ጋርም ያጠምዳል። በቅሎን ግን ማንም አይነካትም። "አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች" የተባለላት ፍጥረት እኮ ናት፤ ዘሯን እንኳ መርጣ ነው የምታወራ። የእኔዋ ደግሞ በኮርቻና በሙገሳ ያደገች ናት። ቀንበሩ የተሠራው ሻኛ ላለው በሬ ነው፤ እሷ ሻኛ የላትም። ጆንያ ጠቅልለን አንገቷ ላይ አሰርንላት። አያ ደምሴ ዕርፉን ይዘው "ና!" ሲሏት ዘወር ብላ አየቻቸውና ባለችበት ቆመች። ጅራፉ ሲጮኽ በርግጫ መለሰች። በሬው ወደ ፊት ይላል፣ እሷ ወደ ጎን ትላለች፣ ማረሻው በመካከል የገባበት ይጠፋዋል። በመጨረሻ የተገኘው ዘዴ እኔ ልጓሟን ይዤ ከፊቷ መሄድ ነው። ከእኔ በቀር የምትከተለው ሰው የለማ።

መሬቱ ያለው ከደጋ ወደ ገበያ የሚወርደው መንገድ ዳር ነው። ሌላውን ቀን ዝናብ ስለከለከለን ደግሞ ያረስነው አርብ ነበር። አገሩ ሁሉ አህያውን ጭኖ ሲወርድ አየኝ። ኮቴን እንደለበስኩ፣ ጫማዬ ጭቃ ጠጥቶ፣ ልጓም ጨብጬ፣ ከበሬና ከበቅሎ ፊት እየተደነቃቀፍኩ ትልም ለትልም እመላለሳለሁ። ሰው ጭነቱን እንደያዘ ቆመ። "እግዜር ያበርታችሁ" አለ። ማንም አልሳቀም። ቢስቁብኝ ኖሮ አብሬ ስቄ ነገሩ ባለቀ ነበር፤ እነሱ ግን በአክብሮት ነው ያዩኝ። አንዱ ለጓደኛው ዝቅ ባለ ድምፅ "መጽሐፉ ነው" ሲለው ሰማሁ።

መሬቱ ታረሰ፤ ይህን አልክድም። ትልሙ እንደ ሰካራም መንገድ ቢጣመምም፣ ገና የሚደገም ቢሆንም፣ ታረሰ። "የበሬን ምስጋና ወሰደው ፈረሱ፣ ከኋላ ተነስቶ ቀድሞት በመድረሱ" ይባላል። በእኛ ማሳ ያረሰው የእትዬ የሽመቤት በሬ ነው፤ ምስጋናውን የወሰደችው በቅሎዋ ናት፤ ከእሷ የተረፈውን እኔ ወሰድኩ። እትዬ የሽመቤት ከማሳው ዳር ቆመው "ዕውቀቱን ያብዛልህ" ብለው መረቁኝ። አሜን ለማለት ጎንበስ አልኩ፤ ቀና ማለቱ ግን ከበደኝ። አያ ደምሴን ደግሞ፣ ላባቸውን ሲጠርጉ፣ ባጃጁ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"መጽሐፉ ትዕግሥት ይላል ብለውኝ የለም? እየታገሥኩ ነዋ" አሉኝ።

በሬያቸውን አስሽጬ፣ በበቅሎዬ ስላረሱ እያመሰገኑኝ ነው። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ምን ነካህ አለችኝ። አፍሬ ነው አልኳት። የጭቃው ነገር መስሏት ልብሴን አጠበችልኝ።

ወሬ ከበቅሎ ይፈጥናል። ጥቂት ሳምንት እንደቆየ፣ እንዲሁ በገበያ ቀን፣ ከእስቴ የመጣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ሱቄ ገባ። መሪጌታም ወረቀት ሊገዙ መጥተው ወንበሬ ላይ አረፍ ብለዋል። ሰውየው ጥንድ በሬዎቹን ደጅ ላይ አስሯል። እስቴ ድረስ የተሰማው እንዲህ ነው፦ ጋይንት ውስጥ አንድ የተማሩ ሰው መጽሐፍ አንብበው በሬን ትተዋል፤ በቅሎ ታርሳለች፣ ትጭናለች፣ ለሠርግ ትከራያለች፣ ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ታበላለች። ሐሳቡን ሲያስረዳኝ እኔን ራሴን አሳመነኝ። እኔ ተናግሬው ከነበረው ሁሉ ይህ የተሻለ ነበር። በሬዎቹን ሸጦ በቅሎ ሊገዛ ነው የመጣው። ግን ጠንቃቃ ሰው ነው፤ ትምህርት ቤት ገብቶ ወጥቷል፣ ማንበብ ይችላል።

"የሰው ትርጓሜ አልወድም" አለኝ። "በቅሎዋ የቱ ገጽ ላይ ናት? ራሴ ላንብባት።"

ያን መጽሐፍ ከመከርኳቸው ሰዎች ሁሉ ላንብበው ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ሲመጣ የሚመክር ሰው ደስ ሊለው ይገባል። እኔ ግን ደጅ የታሰሩትን በሬዎች አየሁ።

"አላነበብኩትም" አልኩት።

ሰውየው ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታ ፈገግ ብለው ትሕትና ነው አሉት፤ የተማረ ሰው ወጉ እንዲህ ነው፣ አውቃለሁ አይልም። ሰውየው ይበልጥ አመነ። እጅ ነስቶኝ ወጣ። በሬዎቹን ፈትቶ ወደ ከብት ተራው ነዳቸው።

ከፎቶ ኮፒው ማሽን ኋላ ቆሜ በመስኮት አየሁት። ከበሬዎቹ አንደኛው የአያ ደምሴን በሬ ይመስል ነበር ብዬ ብነግራችሁ ነገሩ ያምር ነበር፤ ግን አይመስልም። ቢሆንም በሬ ነው፣ የሆነ ቦታ የሆነ መሬት ይጠብቀዋል። ሱቄን ሳልዘጋ ሮጥኩ። ከብት ተራው መሀል ደርሼ ገመዱን ያዝኩበት። ሌባ የተያዘ መስሏቸው ሰዎች ከበቡን። ተማሪዎቼ ነበሩ፣ ማኅበርተኞቼ ነበሩ፣ በበቅሎ ሳልፍ ብድግ የሚሉልኝ ሁሉ ነበሩ።

"ስሙኝ" አልኩ። "መጽሐፉን አላነበብኩትም። ስለ በሬ ምን እንደሚል አላውቅም። ስለ በቅሎም አላውቅም። ለአያ ደምሴ የነገርኳቸው ከራሴ አውጥቼ ነው። በቅሎዬን ያጠመድኳት ደግሞ ስላፈርኩ ነው፣ ሌላ ምንም ምክንያት የለውም።"

በሬዎቹ ሲያመሰኩ ይሰማ ነበር። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ እውነቱ ከአፌ ወጣ፤ ደረቴ ቀለለኝ። የእስቴው ሰው ገመዱን ከእጄ በቀስታ ወሰደና በሬዎቹን ወደ መጣበት መለሳቸው። ስላመነኝ አይመስለኝም፤ እብድ በተነሣበት ገበያ ከብት አይሸጥም ብሎ ይሆናል። ብቻ አልሸጠም።

ቅለቱ ግን እስከ ማታ እንኳ አልቆየልኝም። ቀኑ ሳይመሽ ገበያው ለሁለት ተከፍሎ ነገሩን ተርጉሞት ነበር። የመሪጌታ ወገን፣ መምህር ከትሕትናቸው ብዛት በአደባባይ ራሳቸውን አዋረዱ አለ። የነጋዴው ወገን ደግሞ፣ የበቅሎ ዋጋ ሳይወደድ ለራሱ ሊገዛ ፈልጎ ምስጢሩን ደበቀን አለ። ሁለቱም ወገን በአንድ ነገር ይስማማል፤ አንብቦታል። ውሸቴን በአንድ እሑድ የተቀበለኝ አገር እውነቴን አልቀበል አለኝ። አያ ደምሴ በዚያ ቀን ባጃጃቸውን ሊያዩ ወገዳ ሄደው ነበር። ሲመለሱ ነገሩን ሰምተው፣ መምህርን እንዲህ እስኪናገሩ ድረስ ያስቀየማቸው ማነው ብለው ስለ እኔ ተጣሉ አሉ። ይህን የሰማሁ ለት ካፈርኩት ሁሉ የበለጠ አፈርኩ።

መጽሐፉን ከመሪጌታ ቤት ተቀበልኩ። ልብሱን አንድ በአንድ ፈታሁለትና ሱቄ ተቀምጬ፣ ሰው እያየኝ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት። የሚያልፈው ሁሉ "አሁንም ይደግመዋል" እያለ አደነቀኝ። በቅሎ የለችበትም፤ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጌያታለሁ። በሬም የለበትም። ግን ጀምሬ ከተውኩት ምዕራፍ ቀጥሎ፣ ያ ስክሪፕቶ ገዢ ባይገባ ኖሮ በዚያው ቀን በደረስኩበት ቦታ፣ ፈረንጁ አንድ ነገር ጽፏል። የዕለት ጉርስህ የሚወጣበትን ነገር አትንካ፤ ለሌላው የምታውለው ከዚያ የተረፈህን ነው ይላል። ሠንጠረዥ የለውም፣ መቶኛ የለውም፣ ትርጓሜ አይፈልግም። አያ ደምሴ ይህን ቢሰሙት ኖሮ አባቴም እንዲህ ይለኝ ነበር ይሉ ነበር።

እንግዲህ ኢንቨስተር ለመሆን ምን እናንብብ ላላችሁኝ፣ ከእኔ የምትጠብቁት መልስ ይኸው ነው፦ የፈለጋችሁትን አንብቡ፤ ብቻ አንድ ምዕራፍ አልፋችሁ ሂዱ። የሚመክራችሁን ሰው ደግሞ እንደዚያ እንደ እስቴው ሰው ገጹን ጠይቁት። እኔን ጨምሮ።

ያቺን ገጽ ጫፏን አጥፌ ምልክት አድርጌባታለሁ። ነገ እሑድ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ አያ ደምሴ ቤት ሄጄ አነብላቸዋለሁ፤ በዚያው ቤት፣ ያን ጊዜ በተቀመጥኩበት መደብ ላይ፣ የተጻፈውን ብቻ፣ ከራሴ ሳልጨምር። ጋቢያቸውን አስተካክለው እንደሚሰሙኝ አውቃለሁ። የምፈራውም እሱን ነው።

ዳገቱ ረጅም ነው። በቅሎዋ እርሻው እስኪያልቅ እትዬ የሽመቤት በረት ስለሆነች፣ የምሄደው በእግሬ ነው።